የወጣቶች መሪ ሲቀየር የሚነገሩ የተሳሳቱ ነገሮች

በቤተ ክርስቲያን ከወጣት አገልጋዮች ጋር ስለምሠራ፣ መሪ በተቀየረ ቁጥር ያንኑ ነገር እሰማለሁ። ሰልችቶኛል። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

«ወጣት ለውጥ ይወዳል።» አዲስ መዝሙር ይወድ ይሆናል። የልቡን ያጫወተውን ሰው ማጣት ግን አይወድም፤ ማንስ ይወዳል?

«መሪው ከሄደ ኅብረቱ ይበተናል።» የዩኒቨርሲቲ ክርስቲያን ተማሪዎችን ኅብረቶች ተመልከቱ። መሪዎቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ይመረቃሉ፣ ይሄዳሉ፣ ታናናሾቻቸው ይተካሉ። ኅብረቱ ግን አለ፤ ተተኪውን ቀድመው ያዘጋጃሉዋ!

«ገና ልጅ ነው፣ አይችልም።» የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያንን በ1959 ዓ.ም. የመሠረቱት በአብዛኛው ወጣት ተማሪዎች ነበሩ።

«አዲስ መሪ አዲስ ፕሮግራም ይዞ ይምጣ።» አይምጣ። መጀመሪያ የልጆቹን ስም ይያዝ።

«ለልጆቹ አሁን አትንገሯቸው፣ ይረበሻሉ።» እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። መሪው ውጭ አገር ሊሄድ ነው እንበል። ሽማግሌዎች ያውቃሉ፣ መዘምራኑ ያውቃሉ፣ ልጆቹ ብቻ አያውቁም። ከዚያ አንድ እሁድ፣ ከሠርግ ጥሪ ቀጥሎ፣ «ወንድማችን ዛሬ ይሸኛል» ይባላል። አንድ አጥቢያ ውስጥ ደግሞ እሱም አልተባለም። አባቷ በቅርቡ የሞተባት ልጅ ነበረች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከፕሮግራም በኋላ ከመሪው ጋር ቁጭ ብላ ታወራ ነበር። መሄዱን ያወቀችው ከቴሌግራም ግሩፑ ሲወጣ አይታ ነው። ከዚያ ቀረች። «ድሮም በእምነቷ ለብ ያለች ናት» አሉ። ቤቷ ሄጄ ስጠይቃት ግን «ጋሼ፣ እኔ አስቀይሜው የሄደ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ሌሎቹ ደግሞ ገንዘብ ነው፣ ሴት ናት እያሉ ያወሩ ነበር፤ ሰው ካልተነገረው የራሱን ይሞላል።

መጽሐፉም እንዲህ አያስተምረንም። ዘኁልቁ 27 ላይ ሙሴ ኢያሱን በካህኑ በአልዓዛርና በማኅበሩ ሁሉ ፊት አቁሞ ነው እጁን የጫነበት። ጳውሎስም የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ዳግመኛ ፊቱን እንደማያዩ በግልጽ ነገራቸው። አለቀሱ፣ አንገቱን አቅፈው ሳሙት። ልጆቹም ያልቅሱ፤ ምን ችግር አለው?

ስለዚህ ነገሩ እንደተቆረጠ ይነገራቸው፤ የሚነግራቸውም ራሱ መሪው ይሁን፣ በራሳቸው ፕሮግራም ላይ፣ ጥያቄ የሚጠይቁበት ጊዜ ተሰጥቷቸው። አሮጌውና አዲሱ መሪ ጥቂት ወራት አብረው ያገልግሉ። የተለየ ክትትል የሚፈልጉትን ልጆች፣ እነሱ ከፈቀዱ፣ አሮጌው ከአዲሱ ጋር በአካል ያስተዋውቃቸው። የነገሩትን ምስጢር ግን አያስረክብ።

የመጨረሻው፦ «12ኛ ክፍል ከጨረሰ የኛ ሥራ አለቀ።» አላለቀም! አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲመደብ፣ ጸልዮ መሸኘት ብቻውን አይበቃም። ሳይሳፈር በፊት እዚያ ያለውን የኅብረት መሪ ስልክ ስጡት፤ ለመሪውም የልጁን ስጡ። በመጀመሪያው እሁድ ደግሞ ደውሉለት፤ ካላነሳ ማታ ድገሙት።