ጅማ ላይ ሒሳብ ማጥናት፦ የሚባለውና እውነታው

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ ፍሬሽማንን ጨርሶ ሒሳብ የሚመርጥ ተማሪ፣ ከካፌም ከዶርምም ምክር አያጣም። ከምክሮቹ አንዳንዶቹ መታረም አለባቸው።

«የሒሳብ ትምህርት ክፍሉ ከዩኒቨርሲቲው ጋር አንጋፋ ነው።»

አንጋፋው ግብርናው ነው። የግብርና ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1952፣ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ደግሞ በ1983 ተቋቋሙ። ሁለቱ ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆኑት በ1999 መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. ነው። በሁለቱም ሒሳብ የሌላ ሙያ አጋዥ እንጂ ራሱን ችሎ ዲግሪ የሚያዝበት መስክ አልነበረም። የአጋዥነቱ ሥራ ዛሬም አልቀረም፤ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ያለው የምሕንድስና ተማሪም፣ የኢኮኖሚክሱም ያለ ካልኩለስ አይዘልቁም። ክፍሉን በራሱ ተማሪዎች ብዛት ብቻ የሚመዝን ሰው ትልቁን ሥራውን አላየም።

«ሒሳብ የተማረ በቀጥታ መምህር ነው።»

አይደለም። የሳይንስ ባችለር ዲግሪው የትምህርቱን ይዘት እንጂ የማስተማር ዘዴን አይሰጥም። ለሁለተኛ ደረጃ መምህርነት ፒጂዲቲ የሚባል የድኅረ ምረቃ ዲፕሎማ የተዘጋጀውም ለዚህ ነው።

«ብዙ ምሳሌ ከሠራ ተረጋገጠ።»

አንድ ቁጥር ይውሰዱ፤ በራሱ ያባዙት፣ ራሱን ይደምሩበት፣ 41 ይጨምሩ። ከ1 ሲነሱ 43፣ ከ2 ሲነሱ 47፣ ከ3 ሲነሱ 53 ይመጣል፤ ሁሉም ፕራይም ናቸው፤ ማለትም ከ1ና ከራሳቸው በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍላቸው የለም። እስከ 39 ድረስ አንድም አይስትም። 40 ላይ ግን 1681 ይወጣል፤ እሱም 41 በ41 ነው።

«ማረጋገጫ ሽምደዳ ነው።»

የካልኩለስን ሐሳቦች በጥብቅ ማረጋገጫ የሚያስተምረው ሪል አናሊሲስ ላይ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። 1፣ 1/2፣ 1/3፣ 1/4 እያሉ የሚሄዱት ቁጥሮች ወደ 0 ይጠጋሉ። ይህ ማለት፣ መጀመሪያ አንድ ትንሽ ርቀት ሲሰጥ፣ ከዚያ ወዲያ ያሉት ቁጥሮች በሙሉ ከ0 በዚያ ርቀት ውስጥ የሚገቡበት ቦታ ይገኛል ማለት ነው። ርቀቱ 0.01 ከሆነ ከ100ኛው በኋላ፣ 0.001 ከሆነ ከ1000ኛው በኋላ። ቦታው ርቀቱን ተከትሎ ይሸሻል። የሸመደደ ተማሪ ቅደም ተከተሉን ይገለብጥና «ለርቀቶች ሁሉ የሚበቃ አንድ ቦታ አለ» ብሎ ይጽፋል። ቃላቱ ያው ናቸው፤ ትርጉሙ ግን ከዚያ ቦታ በኋላ ያለው ቁጥር ሁሉ ልክ 0 ነው ወደሚል ተለውጧል፤ ከክፍልፋዮቹ ደግሞ 0 የሚሆን የለም። ጠቃሚው ልምድ ከእያንዳንዱ ማረጋገጫ በፊት «ማን ቀድሞ ተመረጠ? ማንስ በማን ላይ ይመረኮዛል?» ብሎ በኅዳግ መጻፍ ነው።

«የመውጫ ፈተናው በመጨረሻው ሴሚስተር ይደረሳል።»

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው ፈተና ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ የሚጠይቀው ግን ከታች ዓመታት ጀምሮ የተወሰዱትንም ኮርሶች ነው።

«ኮምፒውተር እያለ ሒሳበኛ ምን ያደርጋል?»

በጅማ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፎች ውስጥ ተደጋግሞ የሚገኝ ርዕስ አለ፦ ሲንጉላርሊ ፐርተርብድ የሚባሉት የዲፈረንሻል እኩልታዎች። በእነዚህ ውስጥ ሁለተኛው ዴሪቬቲቭ (የለውጥ ፍጥነቱ ራሱ የሚለወጥበት ፍጥነት) እንደ 0.001 ባለ ትንሽ ቁጥር ይባዛል። በዚህ የተነሳ መልሱ አብዛኛውን ክልል በዝግታ ይሄድና ጠርዝ አካባቢ ባለች ስስ ቀጠና ውስጥ በድንገት ይምዘገዘጋል። የመጀመሪያው ዴሪቬቲቭ ማባዣ 1 ሆኖ፣ በሴንትራል ዲፈረንስ፣ ማለትም ክልሉን በነጥቦች ከፋፍሎ ዴሪቬቲቩን ከግራና ከቀኝ ባሉ ነጥቦች ልዩነት በመገመት ሲሠራ፣ በነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ከ0.002 ከበለጠ መልሱ ላይና ታች ይዋዥቃል። ማሽኑ ስሕተት አለ ብሎ አያስጠነቅቅም፤ ግራፉ ብቻ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። ከ0 እስከ 1 ላለ ክልል ቢያንስ 500 ክፍል ያስፈልጋል፤ ትንሹ ቁጥር 0.000001 ሲሆን ደግሞ 500,000። ስለዚህ ነጥብ በማብዛት ብቻ አይዘለቅም። ሺሽኪን በሚባለው የነጥቦች አደራደር ግማሾቹ ነጥቦች ስሷ ቀጠና ውስጥ ይታጨቃሉ፣ ቀሪዎቹ ከውጭ ይበተናሉ። የስሷን ቀጠና ድንበር የት እንደሚያሰምሩ የሚነግረው ኮዱ ሳይሆን፣ ኮዱ ከመጻፉ በፊት በወረቀት የተሠራው የስሕተት ግምት ነው።