ሕፃናት በመድረክና በስፖርት ሜዳ፦ የተሳትፎ ፈቃድ ደንቦች

የሕፃናት የተሳትፎ ፈቃድ አንድ ልጅ በውዝዋዜ፣ በቴአትር፣ በቀረጻ ወይም ክፍያ ባለው የስፖርት ውድድር ሕዝብ ፊት ከመቅረቡ በፊት፣ ሥልጣን ያለው አካል የሥራ ሰዓቱን፣ ትምህርቱንና አብሮት የሚቆየውን ጠባቂ መርምሮ በልጁ ስም የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ጉዳዩ ለማዕከላዊ አዲስ አበባ ሩቅ አይደለም፤ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የፒያሳው ሀገር ፍቅር፣ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትርና የአዲስ አበባ ስታዲየም ሁሉም በእግር የሚደረስባቸው ናቸው፤ በየአካባቢያቸውም ታዳጊዎች እስክስታ፣ ሰርከስና ኳስ ይለማመዳሉ።

በነሐሴ መጨረሻ የእንቁጣጣሽ ዝግጅት ሲቀረጽ የተመለከተ ሰው የደንቡን አስፈላጊነት ለመረዳት አይቸገርም። ጥልፍ ቀሚስ የለበሱ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች መብራቱ እስኪስተካከል ከበሮ ተደግፈው ያንቀላፋሉ፤ ተራቸው ሲደርስ ይቀሰቀሱና ፈገግ ብለው እስክስታ ይወርዳሉ። ክፉ ያሰበባቸው የለም፤ እናቶቻቸውም ነጠላቸውን ተከናንበው በር ላይ ይጠብቃሉ። ሆኖም ቀረጻው በስንት ሰዓት መቆም እንዳለበት የሚናገር ወረቀት በማንም እጅ ከሌለ፣ ልጆቹ ቤታቸው የሚገቡበትን ሰዓት የሚወስነው የቀረጻው ፍጥነት ብቻ ይሆናል።

የኢትዮጵያ ሕግ መነሻ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሲሆን፣ ልጅ ጉልበቱን ከሚበዘብዝ ልማድ፣ እንዲሁም ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደኅንነቱን ከሚጎዳ ሥራ እንዲጠበቅ ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ቀድሞ 14 ዓመት የነበረውን ዝቅተኛ የቅጥር ዕድሜ ወደ 15 ከፍ አድርጎ፣ ከ15 እስከ 18 ዓመት ላሉ ወጣት ሠራተኞች የቀን ሥራን በ7 ሰዓት ገድቧል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትንም ከልክሏል። ችግሩ ያለው አዋጁ የሚገዛው የቅጥር ግንኙነትን በመሆኑ ላይ ነው። ለማስተማር ወይም ለማሠልጠን የሚደረግ ውል ከአዋጁ ወሰን ውጭ ስለሆነ፣ በቡድን ውስጥ «ሠልጣኝ» ተብሎ የተመዘገበ የአሥር ዓመት ተወዛዋዥ፣ ሰው ትኬት ገዝቶ ቢያየው እንኳ፣ የሥራ ሰዓቱ ገደብ በቀላሉ አይደርስለትም።

ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 138 ይህን ክፍተት ለመሙላት በር ከፍቷል። አንቀጽ 8 አገሮች ለኪነ ጥበብ ዝግጅትና ለመሳሰሉት፣ ሰዓትንና ሁኔታን የሚወስን ፈቃድ ለእያንዳንዱ ልጅ እየለዩ እንዲሰጡ ይፈቅዳል። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት፣ ከክልከላም ሆነ ከዝምታ ይልቅ ለከተማችን የሚበጀው ይህ መንገድ ነው።

በእንግሊዝ አሠራሩ የቆየ ሲሆን፣ መሠረቱ እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የሕፃናትና ወጣቶች ሕግ፣ ዝርዝሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ2014ቱ ደንብ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው ልጁ የሚኖርበት አካባቢ አስተዳደር ሲሆን፣ ማመልከቻው ዝግጅቱ ሊካሄድ ከ21 ቀን ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ከቀረበ ሊመልሰው ይችላል። ዕድሜው ከ5 እስከ 8 ዓመት የሆነ ልጅ በዝግጅቱ ቦታ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ከዚያም ውስጥ የሚጫወተው ወይም የሚለማመደው ቢበዛ 3 ሰዓት ነው። በስፖርት ፈቃድ የሚያስፈልገው ከወጪ መሸፈኛ ያለፈ ክፍያ ሲኖር ብቻ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚያዘጋጀው ትርኢትም ፈቃድ አያስፈልገውም።

ወላጅ ወይም አስተማሪ በማይኖርበት ጊዜ አስተዳደሩ ያጸደቀው ጠባቂ አብሮ ይሆናል፤ አንድ ጠባቂ ከ12 ልጆች በላይ አይይዝም። ዋና ሥራው የልጁን ምግብ፣ ዕረፍትና ደኅንነት መከታተል ነው። በእኛ ቡድኖች ዘንድ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሁሉ የሚሸከመው አሠልጣኙ ነው፤ ዝግጅቱ እንዲያምርለት የሚጨነቀውም፣ ልጁ ደክሞታልና ይብቃ ማለት ያለበትም እሱው ነው።