«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»፦ ጊዜ መስጠትና መተው

ወላጅም ሆነ መምህር በትምህርቱ ወደ ኋላ የቀረን ልጅ ሲያጽናና «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለቱ የተለመደ ነው። አባባሉ አብዛኛውን ጊዜ «አትቸኩል፣ ሁሉም በጊዜው ይደርሳል» ተብሎ ይተረጐማል፤ ትርጓሜው ስሕተት ባይሆንም ግማሹን ነገር ያስቀራል።

ምሳሌው የተቀዳው ከጓሮ ዶሮ ነው። እንቁላል በእግሩ የሚሄደው ጫጩት ሆኖ ሲፈለፈል ሲሆን፣ ለዚህም ዶሮዋ 21 ቀን ያህል ትታቀፈዋለች፣ በመንቆሯ እያገላበጠች ሙቀቱን ታዳርስለታለች፣ ለጥሬና ለውኃ ካልሆነም ከላዩ አትነሣም። ያልታቀፉት እንቁላል ግን ቀኑ በገፋ ቁጥር ይበላሻል እንጂ እግር አያወጣም። ስለዚህ አባባሉ የሚፈቅደው ጊዜ መስጠትን እንጂ መተውን አይደለም፤ ከእንቁላሉ የሚጠበቀውን፣ በእግር መሄዱን፣ ግን አልቀነሰም።

የአብነት (የቤተ ክርስቲያን) ትምህርት ቤት ንባብ በዚህ መንገድ የሚሄድ ነው። ፊደል የለየ ልጅ መልእክተ ዮሐንስን በቁጥር ንባብ ፊደል በፊደል እየነጠለ ይጀምርና በግዕዝና በውርድ ንባብ ደረጃዎች አልፎ ቁም ንባብ ላይ፣ ማለትም ሳያቋርጥ ወደሚያነብበት ደረጃ፣ ይደርሳል። ቀለም ቶሎ የማይገባው ልጅ በአንዱ ደረጃ ከጓደኞቹ ይልቅ ሊቆይ፣ ቀድሞት ያለፈ ተማሪም እያስቀጸለ (ቀድሞ እያነበበ እያስከተለ) ሊያግዘው ይችላል፤ እሱ ስላቃተው ተብሎ ግን መልእክቱ አያጥርለትም። (በዚያው ጉባኤ አለንጋም እንደነበረ አይካድም፤ ቅዱስ ያሬድ እንኳ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ከአጎቱ ከጌዴዎን ግርፋት መሸሹ በትውፊት ይነገራል።)

በዘመናዊው ክፍል ብዙ ጊዜ የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው፦ ጥያቄው እጁን ላወጣው ጎበዝ ይሰጣል፤ ሰሌዳ ማጥፋትና ጠመኔ ማምጣት ለደካማው ይተርፈዋል። መምህሩ ይህን የሚያደርገው ልጁን እንዳያሳፍረው በማዘን ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ግን ምንም እንደማይጠበቅበት ከማንም ቀድሞ ይረዳል። አንድ ሁለተኛና አንድ ሦስተኛን ደምር ሲባል ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምሮ «ሁለት አምስተኛ» ያለን ተማሪ «ግድ የለም፣ ተቀመጥ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። የሚጠብቅበት መምህር ግን «ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ድምሩ ከተደማሪው ማነሱን ልጁ ራሱ እስኪያይም ሌላ ተማሪ አስነሥቶ መልሱን አይነጥቀውም።