የቡና የአቅርቦት ሰንሰለትና አካባቢ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቡና ከማሳ እስከ ሲኒ በሚያልፍበት መንገድ አካባቢን ይበልጥ የሚጎዳው የቱ ደረጃ እንደሆነ ሲነሳ፣ ብዙዎች መርከቡንና ማሸጊያውን ይጠቅሳሉ። ከባዱ ጉዳት ግን በአብዛኛው የሚደርሰው ጠጪው በማያየው ቦታ ነው።

«ምርቱ ከሩቅ በመጣ ቁጥር ጉዳቱ ይበዛል»

ከርቀቱ ይልቅ የሚወስነው የማጓጓዣው ዓይነት ነው። በ119 አገሮች ከሚገኙ ከ38 ሺህ በላይ እርሻዎች የተሰበሰበ መረጃን አጠቃሎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ ከምግብ ከሚመነጨው የሙቀት አማቂ ጋዝ ውስጥ የማጓጓዣ ድርሻ 6 በመቶ ያህል መሆኑን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከብራዚልና ከቬትናም ወደ ብሪታንያ የሚሄደውን አራቢካ ቡና ሲመረምሩ፣ በተለመደው አሠራር በአንድ ኪሎ ቡና 15.33 ኪሎ የነበረው ልቀት ማዳበሪያ ሲቀነስ፣ ውሃና ኃይል ሲቆጠብ እንዲሁም በአውሮፕላን ፈንታ መርከብ ሲመረጥ ወደ 3.51 ኪሎ እንደሚወርድ አስልተዋል። የአገሮቹ ርቀት ያው ነው።

«የኢትዮጵያ ቡና የተፈጥሮ ስለሆነ አይበክልም»

አብዛኛው አርሶ አደር ለቡናው ኬሚካል የማይጠቀም መሆኑ እውነት ነው። ብክለቱ የሚጀምረው ግን ማሳው ላይ ሳይሆን ወንዝ ዳር ካለው የማጠቢያ ጣቢያ ነው። የቀዩ እሸት ቡና ልጣጭ በመፈልፈያው ማሽን ከተገፈፈ በኋላ፣ ፍሬው ላይ የሚቀረው ስኳር የበዛበት ሙጫ በገንዳ ውስጥ ተብላልቶ በብዙ ውሃ ይታጠባል፤ ይህ ውሃ ሳይጣራ ወንዝ ሲገባ፣ ስኳሩን የሚመገቡት ረቂቅ ተሕዋስያን በወንዙ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ውሃው ይጠቁራል፣ ይሸታል፤ ከታች ያለው ነዋሪ ደግሞ ከብቱን የሚያጠጣው ከዚሁ ወንዝ ነው። ይባስ ብሎ እጥበቱ የሚጧጧፈው ክረምቱ አልፎ ወንዙ እየቀነሰ በሚሄድበት ወቅት ነው።

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይጠይቅም። ውሃውን መልሶ መጠቀም፣ ሙጫውን በማሽን የሚያስለቅቅ ውሃ ቆጣቢ መፈልፈያ መትከል፣ ፍሳሹን በጉድጓድ አጠራቅሞ በቬቲቨር ሣር ውስጥ ማሳለፍ፣ ልጣጩን ወደ ኮምፖስት መለወጥ በአንዳንድ ጣቢያዎች የሚሠራበት ነው። ከነልጣጩ ጀንፈል ሆኖ በማድረቂያ አልጋ ላይ የሚደርቀው ቡና ደግሞ ይህን እጥበት ጭራሹን አይፈልግም። በእኔ እምነት የታጠበ ቡና የተሻለ ዋጋ የሚጠይቅ ከሆነ፣ የማጣሪያው ወጪም በዚያው ዋጋ ውስጥ ሊታሰብ ይገባል።

«የጫካ ቡና የሚለቀምበት ደን ተጠበቀ ማለት ነው»

ግማሹ እውነት ነው። ቡናው ገቢ ማስገኘቱ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት በተመዘገቡት በካፋና በያዩ ደኑን ለማቆየት ምክንያት ሆኗል። ሆኖም ምርት ለመጨመር ሲባል ከሥር ያለው ቁጥቋጦ ይመነጠራል፣ ጥላው ይሳሳል፣ የሌሎች ዛፎች ችግኝ ቡናውን እንዳይሻማ ይነቀላል፤ በዚህም ነባሮቹ ዛፎች ሲያረጁ ተተኪ ያጣሉ። ከሩቅ ለሚያየው ደኑ አሁንም አረንጓዴ ነው።

«የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ የአነስተኛ ገበሬን ቡና ይከለክላል»

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውና ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ ከአንድ ጊዜ በላይ የተራዘመው ይህ ሕግ በዋናነት የሚያግደው፣ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ከተጨፈጨፈበት መሬት የተገኘን ምርት ነው። የማሳ ማነስ ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም ከ4 ሄክታር ለማይበልጥ ማሳ አንድ የመገኛ ነጥብ ማስመዝገብ ይበቃል። አስቸጋሪው መዝገቡ ነው። ከብዙ ገበሬዎች የመጣ እሸት በአንድ ገንዳ ከተቀላቀለ በኋላ የአንዱ ማሳ መገኛ ካልታወቀ መላው ጭነት ጥያቄ ውስጥ ስለሚገባ፣ ምዝገባው ከመረከቢያው ሚዛን መጀመር አለበት፤ ገዢው ወጪውን ካልተጋራ ደግሞ ለገበሬው ከሚከፈለው ዋጋ ላይ መቀነሱ አይቀርም።