«ካርታው ላይ አረንጓዴ ነው፣ መኪና የለበትም»፦ ስለ ፈረንሳይ ገጠር የብስክሌት መንገዶች የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አውሮፓ የሚኖር ሰው ከልጆቹ ጋር ለጥቂት ቀናት ብስክሌት መንዳት ሲያምረው ብዙ ጊዜ የሚያስበው የፈረንሳይን ገጠር ነው። ልክ ነው። ባቡር ያቆመባቸው የሐዲድ መስመሮችና የድሮ የጀልባ ቦዮች ዳርቻ እዚያ ለብስክሌትና ለእግረኛ ተሰጥተዋል፤ ውበታቸውም ያለ ጥርጥር ነው። የሚያስቸግረው ከመነሳት በፊት ከሰው ሰው የሚተላለፈው ወሬ ነው። ከዚያ ወሬ አንዱ ሕፃን ልጅን ከጭነት መኪና ጎን ሊያስነዳ የሚችል ስለሆነ ከሱ እንጀምር።

«ስምና ቁጥር ያለው የብስክሌት መስመር ሁሉ ከመኪና ነፃ ነው»

አይደለም። ይህን ስንት ጊዜ እንደምንመልስ ቆጥረን አንዘልቀውም። ፈረንሳዮች ሁለት የተለያዩ ቃላት አሏቸው። «ቯ ቬርት» ማለት አረንጓዴ መንገድ ነው፤ በ2004 የትራፊክ ሕጋቸው ውስጥ የገባ ስያሜ ሲሆን ሞተር ለሌላቸው ተሽከርካሪዎች፣ ለእግረኞችና ለፈረሰኞች ብቻ የተከለለ መንገድን ያመለክታል። መግቢያው ላይ አራት ማዕዘን ሰማያዊ ምልክት ይቆማል፤ ያው ምልክት በቀይ መስመር ተሰርዞ ካያችሁት ክልሉ አልቋል ማለት ነው። «ቬሎሩት» ግን የረጅም ጉዞ አቅጣጫ እንጂ የመንገድ ዓይነት አይደለም። አንድ ቬሎሩት ከአረንጓዴ መንገድ ይነሳል፣ መንደር ውስጥ ይገባል፣ በጠባብ የገጠር አስፋልት ከመኪና ጋር ይጋራል፣ ከዚያ እንደገና ወደ ቦይ ዳር ይመለሳል። ስሙም ቁጥሩም በሁሉም ላይ ያው ነው።

ለምሳሌ የሏር ወንዝን ተከትሎ 900 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደውን «ላ ሏር አ ቬሎ»ን እንውሰድ። በዓለም የታወቀ ነው፣ ለቤተሰብም ተስማሚ ነው። ሆኖም ትልቅ ክፍሉ ትራፊክ በማይበዛባቸው የገጠር መንገዶችና በጎርፍ መከላከያ ካቦች ላይ የሚያልፍ ሲሆን የአካባቢው ነዋሪ በዚያው መኪናውን ይነዳል። ከሌማን ሐይቅ እስከ ሜዲትራኒያን 815 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው «ቪያሮና»ም እንዲሁ ከመኪና ጋር የሚጋራቸው ክፍሎች አሉት። ይህ ጉድለት አይደለም፤ መጀመሪያውኑ የተገባው ቃል ያ አልነበረም።

በእውነት ከመኪና የተለየ መንገድ የሚፈልግ ሰው መስመሩን ሳይሆን ቁራጩን ይምረጥ። በቡርጎኝ ከጂቭሪ እስከ ክሉኒ ያለው 44 ኪሎ ሜትር ገደማ የቀድሞ ሐዲድ በ1997 ሲከፈት ለአገሪቱ አረንጓዴ መንገዶች ፈር ቀዳጅ ነበር፤ ዛሬም ለጀማሪ ከዚያ የተሻለ ማግኘት ይከብዳል። ከቱሉዝ ወደ ቦርዶ አቅጣጫ የጋሮንን ቦይ የሚከተለው 190 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከሞላ ጎደል አስፋልት ነው። በምሥራቅ ደግሞ ከሞንቤልያር በቤዛንሶን አድርጎ እስከ ዶል ድረስ የዱን ወንዝ የሚከተለው፣ ዩሮቬሎ 6 የተባለው አውሮፓን የሚያቋርጥ የብስክሌት መስመር ክፍል አብዛኛው ከመኪና የተለየ ነው፤ ቤዛንሶን ላይ ከምሽጉ ሥር በተፈለፈለው የጀልባ ዋሻ ውስጥ ከውሃው ጎን ለጎን ያሳልፋል።

እቅድ ስታወጡ ይህን አድርጉ። የመስመሩን ይፋዊ የጂፒኤስ ፋይል አውርዱና የመሬት አቀማመጥ ካርታ ላይ ጫኑት። መስመሩ «ዲ» የሚል ፊደልና ቁጥር ከያዘ መንገድ ጋር የተደራረበበትን ቦታ ሁሉ ምልክት አድርጉ፤ «ዲ» የክፍለ ሀገር አውራ ጎዳና ነው፣ መኪና 80 አንዳንድ ቦታም 90 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይበርርበታል። ሚሽላን ካርታ ላይ ነጭ የተቀባው ጭር ያለ የገጠር መንገድ ነው፤ ቢጫው ከፍ ያለ ነው፤ ቀዩን ከልጅ ጋር አትሞክሩት። ቢጫ ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር መሄድ ግድ ከሆነ ሰው ወደ ሥራ ከሚጣደፍበት ሰዓት ውጪ እለፉት፤ ታላቅ ሰው ከኋላ፣ ልጅ ከፊት ይሁን። ከከተማ ውጪ መኪና ብስክሌትን ሲቀድም ቢያንስ 1 ሜትር ከ50 እንዲርቅ ሕጉ ያዛል፤ ከከተማ ውስጥ 1 ሜትር ነው።

አረንጓዴ መንገድ ላይም ቢሆን የሚያሰጋው ቦታ መገናኛው ነው። ድሮ ባቡር ሲያልፍ መኪናው ነበር የሚቆመው። ዛሬ ሐዲዱ ተነቅሎ መንገዱ ለብስክሌት ሲሰጥ ቅድሚያው አብዛኛውን ጊዜ ለመኪናው ተላልፏል። የድሮው የሐዲድ ዘበኛ ትንሽ ቤት ከፊታችሁ ብቅ ስትል ፍጥነት ቀንሱ፤ ከአጠገቧ «ስቶፕ» ወይም ቅድሚያ ስጥ የሚል ምልክት አለ፣ የተጻፈውም ለእናንተ ነው። ለአሥር ኪሎ ሜትር መኪና ያላየ ልጅ እዚህ ጋ ሳያይ ይገባል። ከመነሳታችሁ በፊት ልጁ ቤቷን ሲያይ ፍሬን እንዲይዝ አስተምሩት። ለጥገና ሠራተኞችና መሬታቸው ከመንገዱ ማዶ ለሆነ ገበሬዎች ፈቃድ የሚሰጥበት ቦታ ስላለ አልፎ አልፎ ትራክተር ቢመጣ አትደንግጡ፤ ጥሎት የሚሄደው እርጥብ ጭቃ ግን ያንሸራትታል።

«ሜዳ ስለሆነ በቀን 100 ኪሎ ሜትር ቀላል ነው»

ሜዳ መሆኑ እውነት ነው። የቡርጎኝ ቦይ ከሚዤን ተነሥቶ እስከ ፑዪ አን ኦክዋ ድረስ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚወጣው 300 ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ያም በጀልባ ማንሻ የውሃ በሮች አጠገብ ባሉ አጫጭር ዳገቶች ተከፋፍሏል። ሰው የሚዘነጋው ሌላውን ነው። ዳገት ከሌለ ቁልቁለትም የለም። እግር ሳያዞሩ የሚንሸራተቱበት፣ ከኮርቻ ብድግ የሚሉበት ጊዜ የለም። 60 ኪሎ ሜትር በ15 ፍጥነት ማለት አራት ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጡ ፔዳል መምታት ነው። በሁለተኛው ቀን መቀመጫ ይላላጣል፣ ትንሿ ጣት ትደነዝዛለች። በየሩብ ሰዓቱ ሃያ ፔዳል ያህል ቆማችሁ ምቱ፣ መሪው ላይ የእጃችሁን አያያዝ ቀያይሩ። ልምድ ለሌለው አዋቂ በመጀመሪያው ቀን ከ40 እስከ 50፣ ለአሥር ዓመት ልጅ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይበቃል።

የባቡር መስመር ደግሞ በዓይን የማይታይ ዳገት አለው። ከመቶ ሁለት ሦስት እጅ የሚሆን ዳገት ዛፍ መሀል ሲሆን ሜዳ ይመስላል። ከቤዳርዩ ወደ ማዛሜ በሚሄደው «ፓሳፓይስ» የተባለ የቀድሞ ሐዲድ ላይ ከሞን ላ ትሪቫል ወደ ሳን ፖን የሚወጣ ሰው ፍሬኑ ጎማውን እየነካ ነው ብሎ ወርዶ ቸርኬውን ያሽከረክራል። ቸርኬው ምንም አልሆነም፤ ማርሹን ቀንሶ መቀጠል ነው ያለበት።

ነፋስም አለ። በሮን ሸለቆ ሚስትራል የተባለው ነፋስ የሚነፍሰው ከሰሜን ነው፤ ስለዚህ ቪያሮናን ከሰሜን ወደ ደቡብ ንዱ። በተቃራኒው የሄደ ሰው ሜዳውን ዳገት አድርጎ ይመለሳል።

«የካናል ዱ ሚዲ ዳርቻ እንደ ጠረጴዛ ነው»

እስከ አንድ ቦታ ድረስ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን ፒየር ፖል ሪኬ ያስቆፈረው ይህ 240 ኪሎ ሜትር ቦይ ከቱሉዝ በኩል 50 ኪሎ ሜትር ያህል ጥሩ አስፋልት አለው። ወደ ኦድ ክፍለ ሀገር ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። በቅርብ ዓመታት የተስተካከሉ ቁራጮች ቢኖሩም አሁንም ብዙ ቦታ ጀልባ ጎታች ፈረሶች የሄዱበት የአፈር ጥርጊያ ነው። ከውሃው ዳር የተሰለፉት የፕላታን ዛፎች ሥሮች መንገዱን እንደ ወፍራም ገመድ ያቋርጡታል፤ የቅጠሉ ጥላ መንገዱን ስለሚያዥጎረጉረው ሥሩ የሚታየው ጎማው ሲመታው ነው። ቀጭን ጎማ ሥሩ ላይ ሲያርፍ ከመነዳሪው በጠርዙና በሥሩ መካከል ይቆነጠጥና ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ሁለት ቀዳዳ ካያችሁ እሾህ አይደለም፤ ነፋሱ አንሶ ነበር ወይም ጎማው ጠቦ ነበር።

ስለዚህ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ አድርጉ፤ ከ35 በታች አትውረዱ። ከነሻንጣው 90 ኪሎ ለሚመዝን ጭነት 40 ሚሊ ሜትር ጎማ ላይ ከፊት 2.5፣ ከኋላ 3 ባር አካባቢ ይስማማል። ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ፣ መለጠፊያ፣ ፖምፓና ለተቀደደ ጎማ ከውስጥ የሚደረግ ጠንካራ ቁራጭ ያዙ። ዝናብ ሲጥል የኦድ አፈር ከጭቃ መከላከያው ሥር ተጠቅጥቆ ጎማውን ይይዘዋል፤ ያኔ ፍጥነታችሁ ከ10 ስለማይበልጥ አጠገብ ወዳለው ነጭ መንገድ ውጡ። በመከር ደግሞ አጥሮች በማሽን ሲቆረጡ የቁጥቋጦ እሾህ መንገዱ ላይ ይረግፋል፤ አዲስ የተቆረጠ አጥር ካያችሁ መሀል መሀሉን ያዙ።

«ከደከመን ባቡር እንይዛለን»

ቆም ብላችሁ አስቡት። ሐዲዱ የብስክሌት መንገድ የሆነው ባቡሩ ስለቀረ ነው። በጂቭሪና በክሉኒ መካከል ለደከመ ሰው የሚደርስ ባቡር የለም፤ ጣቢያው ሻሎን ሱር ሶን ወይም ማኮን ነው። ባቡር እንደ መተማመኛ የሚፈልግ ሰው ሐዲዱ ያልተነቀለበትን፣ ማለት ከቦይ ወይም ከወንዝ ጎን ለጎን ባቡር የሚሮጥበትን ይምረጥ፦ የጋሮን ቦይ በሞይሳክና በአዥን፤ ካናል ዱ ሚዲ በካስቴልኖዳሪና በካርካሶን። የክልል ባቡር የሆነው «ቴ ኤ ኤር» ብስክሌት በአብዛኛው በነፃ ይጭናል፤ በዕረፍት ወራት አንዳንድ ክልሎች አስቀድሞ ቦታ መያዝን ያስገድዳሉ። ፈጣኑ ባቡር «ቴ ዥ ቬ» ሁሉም የብስክሌት ቦታ ስለሌለው ቲኬት ስትቆርጡ አረጋግጡ፤ ወይም ቸርኬዎቹን ፈትታችሁ ከ130 በ90 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ቦርሳ ውስጥ ክተቱት።

አጫጭሮቹ፦

«ሄልሜት ለሁሉም ግዴታ ነው»፦ በሕግ ግዴታ የሆነው ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ነው፤ ከወላጅ ኋላ ቢቀመጥም ጭምር።

«የጆሮ ማዳመጫ ችግር የለውም፣ መኪና የለም»፦ ከ2015 ጀምሮ ለብስክሌተኛም ክልክል ነው።

«ኤሌክትሪክ ብስክሌት አይገባም»፦ እርዳታው በ25 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚቋረጥ፣ ሞተሩም ከ250 ዋት የማይበልጥ ከሆነ ይገባል። እስከ 45 የሚሄደው አይገባም።

«ተጎታች ጋሪ በሁሉም ቦታ ያልፋል»፦ ሞተር ሳይክል እንዳይገባ በየመግቢያው የተተከሉት እንጨቶች ጠባብ ናቸው። ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ተፈትቶ ተሸክመው የሚያሳልፉበት ቦታ አለ፤ ባለ አንድ ጎማው ይሻላል።

«መብራት ለቀን ጉዞ አያስፈልግም»፦ ዋሻዎቹን አትርሱ። ከክሉኒ በስተደቡብ ያለው የቧ ክሌር ዋሻ 1.6 ኪሎ ሜትር ነው፣ በሐምሌም ቢሆን ውስጡ ይበርዳል። በብርዱ ወራት ለሌሊት ወፎች ሲባል ስለሚዘጋ ያኔ በላይ በኩል በኮረብታው መዞር ግድ ነው።

«መንደር ስላለ ምግብና ውሃ አይቸግርም»፦ መንደር ማለት ሱቅ ማለት አይደለም። ያለውም ቢሆን ከቀኑ 6፡30 እስከ 9 ሰዓት ድረስ ይዘጋል፤ እሑድ ከሰዓትና ሰኞ ብዙው እንደተዘጋ ይውላል። ዳቦ ጠዋት ግዙ። ውሃ ሲያልቅባችሁ የመንደሩን መቃብር ስፍራ ፈልጉ፤ ለአበባ ማጠጫ የተሠራ ቧንቧ በር አካባቢ ይገኛል። «ኦ ኖን ፖታብል» የሚል ከተጻፈበት አይጠጣም፤ ፊታችሁን ታጠቡበትና ወደ ሚቀጥለው መንደር እለፉ።