የሰብል ተረፈ ምርት ምንድን ነው? ለጋሪ ፈረስስ ይበቃዋል?

ባሕር ዳር ገበያ ዳር የቆመ የጋሪ ፈረስ አፉን ጆንያ ውስጥ ከቶ ሲያኝክ አይታችሁ ይሆናል። ጆንያው ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ ጭድ ነው። የግብርና ባለሙያዎች የሰብል ተረፈ ምርት የሚሉትም ይኸንኑ ነው፤ እህሉ ተወቅቶ የሚቀረው የጤፍና የገብስ ጭድ፣ የዳጉሳ ገለባ፣ የበቆሎ አገዳ።

ጭድ ሆድ ይሞላል፣ ጉልበት ግን እምብዛም የለውም። ተክሉ ያለውን ለፍሬው ሰጥቶ ነው የደረቀው። የቀረው ጠንካራ አሰር ነው፤ ፕሮቲኑም ከመቶ ከ3 እስከ 5 እጅ ቢሆን ነው። በሬ ይህን ያመሰኳዋል። ፈረስ አያመሰኳም። አሰሩ የሚብላላለት መጨረሻ ላይ፣ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ነው። ስለዚህ ከአንድ ክምር በልተው በሬው የሚያገኘውን ፈረሱ አያገኝም።

ጭድ ለፈረስ አይሆንም ማለቴ ግን አይደለም። ሥራ ፈትቶ ለወፈረ ፈረስ እንዲያውም ደግ ነው፤ ሲያኝክ ይውላል፣ አይወፍርም። 250 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን 5 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ይበቃዋል። ቀስ በቀስ ከለመደ እስከ ግማሹ ጭድ ቢሆን አይከፋም፤ የቀረው ሣር ወይም ድርቆሽ ይሁን። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ሲጎትት ለሚውለው ግን ይህም አይበቃም። ገብስ፣ ፉርሽካ፣ ትንሽ የኑግ ፋጉሎ ይጨመርለት። የጎድን አጥንቱ እየተቆጠረ ጭድ ብቻ አቅርቦለት «በልቷል እኮ» ማለት ግፍ ነው።

ጭድ ስትገዙ እፍኝ ዘግናችሁ ጨበጥ አድርጉት። ጥሩ የጤፍ ጭድ ለስለስ ይላል፣ ሽታውም ንጹሕ ነው። አቧራው ቡን ካለ ወይም ሻጋታ ከሸተተ ተዉት፤ ፈረሱን ያስለዋል። ከፎገራ የሚመጣው የሩዝ ገለባ ሻካራ ስለሆነ እኔ ለከብት ይሁን ባይ ነኝ። የጓያ ገለባ ደግሞ ጨርሶ ይቅር። ጓያ ፈረስ ላይ ይከፋል፤ የኋላ እግሩን ያሰንፋል፣ ጉሮሮውን ይዞ ትንፋሽ ያሳጥረዋል።

ከሁሉም በላይ ውሃ! ጭድ በልቶ ውሃ ያጣ ፈረስ አንጀቱ ይደፈናል። ጣና አፍንጫችን ሥር ሆኖ ፈረስ ሲጠማ ማየት ያንገበግበኛል። መሬት ከጫረ፣ ጎኑን ዞር እያለ ካየ፣ ከተንከባለለ፣ ፋንድያ ካልጣለ ቁርጠት ይዞታል። ሳትውሉ ሳታድሩ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ፈረስ ማስመለስ አይችልም፤ ሆዱ የገባው የሚወጣው በአንድ በኩል ብቻ ነው።