ቬክተር ምንድን ነው? አሮጌ ክሊፕ አርት ፈታትቶ መማር

ጥር ሲቃረብ የጎንደር ማተሚያ ቤቶች ፋታ የላቸውም። የጥምቀት ቲሸርት፣ የእንኳን ደህና መጣችሁ ባነር፣ የሆቴል ማስታወቂያ። ከዚህ ሁሉ የፋሲል ግንብ የሌለበት ጥቂት ነው።

ደንበኛው ብዙ ጊዜ የግንቡን ምስል ከቴሌግራም አውርዶ ይመጣል። ስልክ ላይ ያምራል። ሦስት ሜትር ባነር ላይ ሲወጠር ግን ማማው የካሬ ክምር ይሆናል። ፎቶ የተሠራው ከፒክስል፣ ማለትም ከጥቃቅን ባለቀለም ካሬዎች ነው። ሲለጠጥ ፒክስሎቹ አይበዙም፣ ይተልቃሉ እንጂ።

ቬክተር ሥዕል ፒክስል አያስቀምጥም። የሚያስቀምጠው ትእዛዝ ነው፦ ከዚህ ነጥብ ተነሣ፣ እንዲህ ተጠምዝዘህ እዚያኛው ድረስ ሂድ፣ ውስጡን ቡናማ ቀባ። ኮምፒውተሩ በፈለጋችሁት መጠን ሥዕሉን እንደ አዲስ ያሰላዋል። ስለዚህ ያው ፋይል ለቢዝነስ ካርድም ለባነርም ይሆናል።

ነጥቦቹ ኖድ ይባላሉ። ከኖዱ ግራና ቀኝ የሚወጡት እጀታዎች ደግሞ ሃንድል። ኖዱ መስመሩ የት እንደሚያልፍ ይወስናል፤ ሃንድሉ ወደየት እንደሚዞርና ምን ያህል እንደሚጎብጥ። ጥምዙ ቤዚየር ከርቭ ይባላል። የመጣው ከሠዓሊ ቤት ሳይሆን ከመኪና ፋብሪካ ነው። ፖል ደ ካስቴልዦ እ.ኤ.አ. በ1959 ሲትሮየን ውስጥ፣ ፒየር ቤዚየር ደግሞ በ1960ዎቹ ሬኖ ውስጥ፣ የመኪና አካል ለመንደፍ ሲሉ ለየብቻ ደረሱበት።

ይህን ማንበብ ግን እጅ አያስለምድም። አብዛኛው ጀማሪ ባዶ ገጽ ከፍቶ ብዕሩን ያነሣል፣ የተጣመመ መስመር ይወጣለታል፣ ተናዶ ይዘጋዋል። በበኩሌ ሌላ ሰው የጨረሰውን ሥዕል ከፍቶ ማበላሸት ይሻላል እላለሁ።

ለዚህ ደግሞ አሮጌ ክሊፕ አርት ግሩም ነው። ድሮ ዎርድ ላይ እናስገባቸው የነበሩት ትዝ ይሏችኋል? የሚጨባበጡ እጆች፣ የምረቃ ቆብ፣ ርግብ። ማይክሮሶፍት የኦንላይን ስብስቡን እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ዘግቶታል። ፋይሎቹ ግን በየአሮጌው ኮምፒውተርና ሲዲ ላይ ተርፈዋል። ብዙዎቹ ደብሊው ኤም ኤፍ የሚባል የቬክተር ፋይል ናቸው፤ በነጻ የሚገኘው የቬክተር መሣያ ፕሮግራም ኢንክስኬፕም ማተሚያ ቤቶች የለመዱት ኮርልድሮውም ይከፍቷቸዋል። እነዚህን ለልምምድ ተጠቀሙባቸው። ለሚሸጥ ሥራ ለሕዝብ የተለቀቁትን ምረጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኦፕን ክሊፕ አርት እንደዚያ ያሉትን ይሰበስባል።

እስቲ አንድ የአውሮፓ ግንብ ፈልጉ። ሾጣጣ ጣሪያ ያላቸው ክብ ማማዎች፣ ባንዲራ፣ ተንጠልጣይ ድልድይ ያለው። ወደ ፋሲል ግንብ እንለውጠው። መጀመሪያ አንግሩፕ አድርጉት፣ ማለትም አንድ ላይ የታሰሩትን ቅርጾች ፍቱ። ኢንክስኬፕ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ጂ ነው፤ ኮርል ላይ ኮንትሮልና ዩ። ግሩፕ ውስጥ ሌላ ግሩፕ ስለሚኖር ደጋግሙት። ባንዲራውንና ድልድዩን ሰርዙ።

አሁን ጣሪያው። ሾጣጣው ሦስት ኖድ ያለው ሦስት ማዕዘን ነው። አፄ ፋሲለደስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ ግን በአራቱ ማዕዘን ያሉት ማማዎች ጫፋቸው ክብ ብሎ የሞላ ጉልላት ነው። የኖድ መሣሪያውን ያዙ፤ ኢንክስኬፕ ላይ ኤፍ 2፣ ኮርል ላይ ኤፍ 10። ሁለቱን ዘንባላ መስመሮች ወደ ከርቭ ቀይሯቸው። የጫፉን ኖድ ስሙዝ አድርጉት፣ ሹልነቱ ጠፍቶ ለስላሳ እንዲሆን። ከዚያ የላዩን ሃንድሎች ወደ ጎን፣ የታቾቹን ወደ ላይ ሳቡ። ጉልላት ሆነ! አንድም አዲስ መስመር አልሣላችሁም። የታቾቹን ወደ ውጭ ካበዛችሁት ግን ሽንኩርት ይሆናል፤ ያ ሞስኮ ነው፣ ጎንደር አይደለም።

የግድግዳው አናት ላይ ያለው ጥርስ ቀላል ነው። አንዱን አራት ማዕዘን አስተካክላችሁ አባዙት፣ በእኩል ርቀት ደርድሩት።

ስትጨርሱ ጠርዝ ብቻ የሚያሳየውን እይታ ክፈቱና ኖዶቹን ተመልከቱ። ኢንክስኬፕ አውትላይን ይለዋል፣ ኮርል ዋየርፍሬም። ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ነው። እጁ የተፍታታ ሠዓሊ የሠራው ክሊፕ አርት ኖዱ ጥቂት ነው። መስመሩ አቅጣጫ በሚለውጥበት ቦታ ላይ ብቻ ያስቀምጣል። ክብ እንኳ በአራት ኖድ ያልቃል። አሁን ደግሞ የግንቡን ፎቶ በትሬስ፣ ፕሮግራሙ ራሱ ጠርዞቹን ተከትሎ በሚሥልበት መሣሪያ፣ ወደ ቬክተር ቀይሩትና አወዳድሩ። በእያንዳንዱ ድንጋይ ጥላ ላይ ኖድ ይዘራል። እንዲህ ያለውን ፋይል ማስተካከል ራስ ምታት ነው፤ አንድ ጠርዝ ለማለስለስ መዓት ነጥብ ማሳደድ አለባችሁ። ትሬስን የማልወደው ለዚህ ነው። ባለሙያው ቢጠቀምበት ግን አልፈርድበትም፣ ጥር ላይ ወረፋው ብዙ ነው።

ግንቡ እጃችሁ ላይ ከገባ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ እለፉ። የመላእክቱ ፊት ለዚህ ልምምድ የተሠራ ይመስላል፦ ክብ ፊት፣ ትልልቅ ዓይኖች፣ ሁለት ክንፍ። አንዱን በጥንቃቄ ሥሩና አባዙት። ከዚያ በየፊቱ የዓይኑን ብሌንና የቅንድቡን ኖድ ብቻ ትንሽ ትንሽ አንቀሳቅሱ። ኢንክስኬፕ ላይ ስታባዙ ግን ኮንትሮልና ዲን ተጫኑ እንጂ ኦልትና ዲን አትንኩ። ሁለተኛው የሚያወጣው ክሎን ነው፤ የዋናውን ቅንድብ ስታነሡ መላእክቱ በሙሉ አብረው ቅንድባቸውን ያነሣሉ።